ከአንድ በላይ ማግባት፦ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ሸርጡና ስለ ድብቅ ኒካህ የተሰጠ የአቋም መግለጫ



ይህን መግለጫ የምናወጣው በአንድ ማኅበር የተሰባሰብን ሙስሊም የሕግ ባለሙያዎች፣ የሸሪዓ መምህራንና በትዳር ሽምግልና የምናገለግል እናቶችና አባቶች ነን። መግለጫውን እንድናወጣ ያደረገን በሽምግልና ሸንጎ ፊት ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ዓይነት ጉዳይ ነው። ባል በሌላ ሰፈር ወይም በሌላ ከተማ ሁለተኛ ኒካህ አስሯል። የቤቱ እመቤት አታውቅም። አዲሲቱም አንዳንዴ የፊተኛዋን መኖር አታውቅም። ነገሩ የሚገለጠው ልጅ ሲወለድ፣ ከዚያ የባሰ ሲሆን ደግሞ በቀብር ማግስት፣ ሁለት ሴቶች ለአንድ ሟች ሐዘን ሲቀመጡ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ክርክር የፍቅርና የቅናት ይመስላል እንጂ ውስጡ ሲገባ ሁልጊዜ ቤት፣ ቀለብ፣ ውርስና የልጆች ስም ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንደኛው «ሱንና ነው» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ እስልምናን በሙሉ በዚህ አንድ ጉዳይ ይመዝንና ሙስሊም ሴት ሁሉ የተበደለች፣ ሙስሊም ወንድ ሁሉ በዳይ እንደሆነ አድርጎ ያወራል። ሁለቱም ወገኖች አንቀጹን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም።

የአንቀጹ ጎረቤቶች

ፈቃዱ የሚገኘው በሱረቱ ኒሳእ 3ኛ አንቀጽ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መካከሉን ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚለውን ቁጥር ይይዝና መነሻውንና መድረሻውን ይጥለዋል። መነሻው በየቲሞች ጉዳይ ፍትሕ እንዳይጓደል ስለሚፈራ ሰው ይናገራል። መድረሻው በሚስቶች መካከል ማስተካከል እንደማይችል የሚፈራ ሰው አንዲት ብቻ እንዲያገባ ያዛል። ቁጥሩ የተቀመጠው በሁለት ፍርሃቶች መካከል ነው።

ጎረቤት አንቀጾቹንም ማየት ይገባል። 2ኛው የየቲሞች ገንዘብ እንዲመለስላቸውና ከአሳዳጊው ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይበላ ያዛል። 4ኛው ለሴቶች መህራቸው እንዲሰጥ ይደነግጋል። 7ኛው ሴትም እንደ ወንድ ሁሉ ከወላጅና ከዘመድ ውርስ ድርሻ እንዳላት ያጸናል። 10ኛው የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላውን በእሳት ያስፈራራል። 11ኛውና 12ኛው የውርስ ድርሻን በክፍልፋይ ይዘረዝራሉ። እንግዲህ ከአንድ በላይ የማግባት ፈቃድ የተሰጠው የደካማ ሰው ንብረት እንዳይነካ በሚያስጠነቅቅ ንግግር መሃል ነው። የወንድ ምኞት እንዴት ይሟላ የሚል ጥያቄ በአካባቢው የለም።

ጊዜውም ይህንኑ ይመሰክራል። በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ625 እ.ኤ.አ.፣ በኡሑድ ጦርነት 70 ያህል ሙስሊሞች ተገደሉ። መዲና ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል ቤት አባወራውን አጣ። ከሰማዕታቱ የአንዱ፣ የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ባለቤት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ፣ የልጆቹ አጎት የአባታቸውን ንብረት ጠቅልሎ መውሰዱንና ልጆቹ ያለ ገንዘብ እንደማይዳሩ ነገረቻቸው። የውርስ አንቀጽ ሲወርድ አጎትየው ተጠርቶ ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን ከሰጠ በኋላ የተረፈውን እንዲወስድ ተፈረደበት። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው። ባሏ ለሞተባት ሴት የመጀመሪያው መልስ ሌላ ባል ፈልጎ መስጠት አልነበረም፤ የእርሷንና የልጆቿን ሐቅ ማስመለስ ነበር።

ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ስለዚህ አንቀጽ አክስቱን እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ጠይቆ ያገኘው መልስ በሶሒሕ አል ቡኻሪ ተመዝግቧል። እንደ እርሷ ማብራሪያ፣ በአሳዳጊዋ ቤት ያለች የቲም ልጅ ገንዘብና መልክ ካላት አሳዳጊው የሚገባትን መህር ሳይሰጥ ሊያገባት ይመኝ ነበር። አንቀጹ ያንን በር ዘጋ፤ ፍትሕ የማታደርግላት ከሆነ እርሷን ተዋትና ሌላ አግባ ማለቱ ነው። ከዚያ በፊት በዐረቦች ዘንድ የሚስት ቁጥር ወሰን አልነበረውም። የሰቂፍ ጎሣው ገይላን ሲሰልም አሥር ሚስቶች ነበሩት፤ አራቱን አስቀርቶ ሌሎቹን እንዲለቅ ታዘዘ። ገደብ ሆኖ የመጣውን ነገር ዛሬ እንደ ግብዣ የሚያነብ ሰው አንቀጹን ገልብጦ ይዞታል።

ሐበሻን የሚያውቁ ሦስት ሴቶች

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ትዳር እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ ሰው ከመጀመሪያው መጀመር አለበት። በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን (ረ.ዐ.) አገቡ፤ እርሷ እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ 25 ዓመት ያህል ከእርሷ ጋር ብቻ ኖሩ። ይህ የወጣትነታቸውና የጉልምስናቸው ዘመን ነው። ከአንድ በላይ ያገቡት ካለፈች በኋላ፣ አብዛኞቹም በመዲና ባሉት የጦርነትና የስደት ዓመታት ነው።

ከእነዚያ ባለቤቶቻቸው ሦስቱ የእኛን አገር በእግራቸው የረገጡ፣ ከቁረይሽ ግፍ ሸሽተው በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ጥላ ሥር የኖሩ ስደተኞች ናቸው። ሰውዳ ከባሏ ከሰክራን ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ ከመልስ በኋላ ባሏ ሞተባት። ኡሙ ሰለማ ከአቡ ሰለማ ጋር ተሰዳ ነበር፤ እርሱ በኡሑድ የደረሰበት ቁስል አመርቅዞ ሲሞት ልጆች ይዛ ቀረች። ኡሙ ሐቢባ ገና በሐበሻ ምድር ሳለች ብቻዋን ቀረች። አባቷ አቡ ሱፍያን በዚያን ጊዜ የሙስሊሞች ጠላት መሪ ስለነበር ወደ መካ መመለሻ አልነበራትም። ኒካሁን በነቢዩ ውክልና የፈጸመው ነጃሺ ነው፤ መህሯንም ከራሱ ገንዘብ ከፈለ፤ ብዙ የሲራ መጻሕፍት 400 ዲናር ነበር ይላሉ።

ለኢትዮጵያ ሙስሊም ይህ ታሪክ ከኩራት ያለፈ ትምህርት አለው። የኡሙ ሐቢባ ኒካህ የታሰረው በንጉሥ አደባባይ፣ ስደተኞች ተሰብስበው፣ መህሩ ተቆጥሮና ድግስ ተደግሶ ነው። በጓዳ የተደረገ አንዳች ነገር የለውም። ኡሙ ሰለማም ስትጠየቅ ወዲያው እሺ አላለችም፤ ዕድሜዋ መግፋቱን፣ ቀናተኛ መሆኗንና የምታሳድጋቸው ልጆች እንዳሏት ሦስት ምክንያት ዘርዝራ አቀረበች። ለሦስቱም መልስ ተሰጣት፤ ልጆቿ የእርሳቸው ቤተሰብ እንደሚሆኑ ቃል ከተገባላት በኋላ ፈቀደች። ባል የሞተባት እናት ጠይቃና ተደራድራ የገባችበት ትዳር ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ገዛ ልጃቸው ትዳር የተናገሩትም መታየት አለበት። ዐሊ (ረ.ዐ.) በልጃቸው በፋጢማ ላይ የአቡ ጀህልን ልጅ ሊያገባ በታሰበ ጊዜ ነቢዩ በሚንበር ላይ ቆመው እንደማይፈቅዱ ደጋግመው ተናገሩ፤ ፋጢማን የሚያስከፋት እርሳቸውን እንደሚያስከፋ ገለጹ። ዑለማዎች ይህን ሐዲስ በተለያየ መንገድ ይረዱታል። አንዳንዶቹ ለነቢዩ ልጅ ብቻ የተለየ ነው ይላሉ፤ እርሳቸውም ሐላሉን ሐራም እንደማያደርጉ በዚያው ንግግራቸው ግልጽ አድርገዋል። እኛም ከሐዲሱ አጠቃላይ ክልከላ አናወጣም። የልጁን ሐዘን የሚያይ አባት «ይህ ጋብቻ ልጄን ይጎዳታል» ማለቱ ግን ሃይማኖትን መቃወም እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገውም። ልጃቸው ጣውንት መጣብኝ ብላ ስታለቅስ «ሶብር አድርጊ» ብቻ ብለው የሚመልሱ አባቶች ይህን ያስቡበት።

ሊለካ የሚችለው ፍትሕ

በዚያው ሱራ 129ኛው አንቀጽ ወንዶች ምንም ቢጥሩ በሚስቶች መካከል ፍጹም ማስተካከል እንደማይችሉ ይነግራቸዋል፤ ቀጥሎም አንዷን እንደ ተንጠለጠለች አድርገው እንዳይተዉ ያስጠነቅቃል። ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው ከአንድ በላይ ማግባት በቁርአን ተሽሯል» የሚሉ አሉ። አብዛኛው የዑለማ አስተያየት ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ ልብ ዝንባሌ ነው የሚል ነው፤ ማኅበራችንም የሚከተለው ይህንን ነው። ነገር ግን ይህ አስተያየት የሚያስከትለውን ሁሉም እኩል አይቀበለውም። የልብ ነገር ከሰው አቅም በላይ ሆኖ ከቀረ፣ የቀረው ሁሉ ሊቆጠር፣ ሊለካና ዳኛ ፊት ሊቀርብ የሚችል ግዴታ ነው ማለት ነው። ሌሊቶች ይቆጠራሉ። ቤት ይታያል። ቀለብ በብር ይሰላል።

ፊቅህ እዚህ ላይ ዝርዝር ነው። ሁለት ሚስቶችን ያለ ፈቃዳቸው በአንድ ቤት ማኖር አይቻልም። ሌሊት በተራ ይከፈላል፤ አዲስ ሙሽራ ድንግል ከሆነች ሰባት፣ ከዚህ በፊት አግብታ የምታውቅ ከሆነች ሦስት ሌሊት ካገኘች በኋላ ተራው እኩል ይቀጥላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲነሱ አብራቸው የምትሄደውን በዕጣ ይመርጡ ነበር። ሰውዳ ተራዋን ለዓኢሻ የሰጠችው ራሷ ወዳ ነው፤ ተራው የእርሷ ንብረት ስለነበር ልትሰጠው ቻለች። ወደ አንዷ ያዘነበለ ባል በትንሣኤ ቀን ጎኑ ተንጋዶ እንደሚቀርብ በሐዲስ ተነግሯል።

በአገራችን በሰፊው የሚከተሉት የሻፊዒይ መዝሃብ ነው። በዚህ መዝሃብ ከታወቁት የፊቅህ መጻሕፍት ግልጽ ፍላጎት ከሌለ በአንዲት ሚስት መወሰን ተወዳጅ መሆኑን የሚጽፉ አሉ። «ሱንና ነው» ለሚለው ወንድማችን መልሱ ከገዛ መዝሃቡ አለ።

«ለምን?» ትባላለህ

ሁለተኛ ለማግባት የሚቀርቡ ምክንያቶችን በየሽምግልናው ሰምተናቸዋል። አንዳንዶቹ እውነተኛ ናቸው። የሚስት ረጅም ሕመም፣ ልጅ አለመውለድ (ምርመራው ባልንም ያካተተ ከሆነ)፣ ባሏ የሞተባትን የዘመድ ሚስት ከነልጆቿ የመሰብሰብ ፍላጎት። የመጨረሻው ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የሟች ወንድም የሟቹን ሚስት የሚወርስበት ልማድ አለ። የኒሳእ 19ኛ አንቀጽ ሴትን በግድ መውረስን በግልጽ ይከለክላል። ሴትየዋ ካልፈለገች «ቤቱ እንዳይበተን» የሚል ሽማግሌ አላህ የከለከለውን እየፈጸመ ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች ግን ሲፈተሹ አይቆሙም። «ሴት ከወንድ በዝቷል» የሚለው በየስብከቱ ይሰማል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 37.2 ሚሊዮን ያህል ወንዶችና 36.5 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ተቆጥረዋል፤ ወንዶቹ ይበልጣሉ። በጦርነት ባል ያጡ እናቶች ቁጥር በርግጥ ጨምሯል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በሁለተኛ ኒካህ ጉዳይ ወደ ሸንጎ የሚመጣው ወንድ በአብዛኛው ያገባት ባሏ የሞተባትን እናት አይደለም። የልጁን እኩያ ነው ያገባው። በኡሑድ ማግስት የወረደውን አንቀጽ የሚጠቅስ ሰው የኡሑድን ዓይነት ሴት ማግባቱ በተገባ ነበር።

«ከዝሙት ይሻላል» የሚለውም አለ። ይህን መከራከሪያ በቀላሉ አንጥለውም፤ በከተሞቻችን ውሽማና ቅምጥ መያዝ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ስም፣ ቀለብና ውርስ ያላት ሚስት መሆን የተሻለ መሆኑን አይክድም። ነገር ግን የዚህ መከራከሪያ ጉልበት በሙሉ ከግልጽነት የሚመጣ ነው። ኒካሁ ተደብቆ፣ ልጁ በሌላ ስም ተመዝግቦ፣ ሴትየዋ ለጎረቤት «የአጎቴ ልጅ ነው» እያለች የምትኖር ከሆነ ከውሽማ የተለየችው በምን ላይ ነው? በማሊኪይ መዝሃብ ምስክሮች እንዲደብቁ የተስማሙበት ኒካህ ሊፈርስ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የባሕረ ሰላጤው ጉዳይ ነው። ሚስት ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ኤምሬትስ ሄዳ በሰው ቤት ትሠራለች። ደመወዟን በየወሩ ትልካለች፤ ልጆቹን ያሳድግበት፣ ቤቱን ይጨርስበት ብላ። ስትመለስ በራሷ ላብ በተሠራው ቤት ሌላ ሴት ትጠብቃታለች። ሸሪዓ በዚህ ላይ አይወላውልም። የሚስት ገንዘብ የሚስት ነው፤ ባል ሀብታም ሚስት ቢኖረውም እንኳ የቤቱ ቀለብ በእርሱ ትከሻ ላይ ነው። ለልጆች ብላ የላከችውን ለጣውንቷ መህር ያዋለ ሰው አማና በልቷል፤ ገንዘቡን መመለስም ይገደዳል። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ሽማግሌዎች «እርሷም ትታው ሄዳ ነበር» ሲሉ እንሰማለን። ትታው አልሄደችም። እርሱ ሊያመጣው የሚገባውን ልታመጣ ነው የሄደችው።

የአገሪቱ ሕግ ያለበት ቦታ

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ጉዳይ ሁለት መልክ አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በ11ኛ አንቀጹ ጋብቻ ጸንቶ ሳለ ሌላ ጋብቻ መፈጸምን ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ650ኛ አንቀጹ ይህንን ወንጀል ያደርገዋል፤ 651ኛው ደግሞ ሕግ በሚቀበለው ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ሥርዓት የተፈጸመውን ከቅጣት ውጭ ያደርጋል። ሕገ መንግሥቱ በ34ኛ አንቀጽ ንዑስ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ሦስት እርከን ኖሯቸው ተጠናክረዋል። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንዲት ሴት ያለ ፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘቷን ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ብሎ ወስኗል። ውሳኔውን ደግፈን ቆመናል፤ በግድ የሚመጣ ተከራካሪ የሸሪዓን ክብር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

በእነዚህ ሁለት መልኮች መካከል የምትወድቀው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛዋ ሚስት ናት። ኒካሁ በመስጊድ ሰፈር ይታወቃል፤ በቀበሌ መዝገብ የለም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ግዴታ ሆኖ ሳለ ብዙ ኢማሞች የሚያስሩት ኒካህ በወረቀት ሳይሰፍር ይቀራል። ባል ሲሞት በሸሪዓ ልጅ ላለው ሰው ሚስቶች ሁሉ አንድ ስምንተኛውን ነው በጋራ የሚካፈሉት፤ ልጅ ከሌለው አንድ አራተኛውን። ያልተመዘገበች ሴት ግን ወደዚህ ስሌት ለመግባት መጀመሪያ ሚስት መሆኗን ማስረዳት አለባት። ምስክሮቹ ከሞቱ ወይም ከሸሹ ነገሩ አበቃ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳዩ ቀላል ነው፤ የሚኖሩበት አገር ሕግ ሁለተኛ ጋብቻን አይቀበልም። በዚያ አገር «በኒካህ ብቻ» የምትያዝ ሴት ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ያለ ጡረታ፣ ያለ ውርስ ትቀራለች። የገቡበትን ውል መጠበቅ የሙስሊም ግዴታ ስለሆነ በዚያ እንዲህ ያለ ኒካህ አንደግፍም።

ሌሎች ሙስሊም አገሮች የሄዱባቸውን መንገዶች ተመልክተናል። ቱኒዚያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ከለከለች። ፓኪስታን በ1961 የሽምግልና ጉባኤ ፈቃድ እንዲጠየቅ አደረገች። ሞሮኮ በ2004 ባሻሻለችው ሕግ ባል በዳኛ ፊት አሳማኝ ምክንያትና በቂ ገቢ እንዲያሳይ፣ የመጀመሪያዋ ሚስትም እንድትጠራ ደነገገች። የቱኒዚያን መንገድ አንከተልም፤ ክልከላ ሐላሉን ወደ ጓዳ ያስገባዋል ብለን እናምናለን፤ ጓዳው ደግሞ ዛሬም ሞልቷል። የሞሮኮ መንገድ ግን ከሸሪዓ መንፈስ ጋር ይስማማል።

አቋማችን

ከዚህ በመነሳት ማኅበራችን የሚከተለውን አቋም ይዟል።

ከአንድ በላይ ማግባት በእስልምና የተፈቀደ ነው፤ የታዘዘ አይደለም። ፈቃዱን የሚክድም ሆነ ግዴታ የሚያስመስል ስብከት አንቀበልም። በአንዲት ሚስት የተወሰነ ወንድ የእምነቱ አንዳች ነገር አልጎደለበትም።

ድብቅ ሁለተኛ ኒካህን እንቃወማለን። በፊቅህ የመጀመሪያዋ ሚስት ፈቃድ ለኒካሁ መጽናት ሸርጥ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሸርጥ ነው ብለን በሃይማኖት ላይ አንጨምርም። ማወቋ ግን የግድ ነው። ተራዋን፣ ቀለቧንና ውርሷን ልትጠይቅ የምትችለው መብቷ ለስንት እንደሚከፈል ስታውቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢማሞችና ኒካህ አሳሪዎች ለባለትዳር ወንድ የመጀመሪያዋ ሚስቱ መስማቷን በምስክር ሳያረጋግጡ እንዳያስሩ፣ ሁለተኛዋም ሙሉውን እውነት እንድታውቅ እንዲያደርጉ አቋም ይዘናል። ቤትና ቀለብ ለሁለት የመክፈል አቅሙም መጠየቅ አለበት፤ አንዷን ማብላት ያቃተው ሰው ሌላ ጨመረ ማለት ልጆቹን በሁለት ቤት አስራበ ማለት ነው።

በኒካህ ውል ውስጥ ሸርጥ ማስገባት መብት መሆኑ ለእያንዳንዷ ሙሽራና ለወሊዋ ሊነገር ይገባል። በሐንበሊይ መዝሃብ «በላይዋ ላያገባባት» የተባለ ሸርጥ የጸና ነው፤ ባል ከጣሰው ሚስት ትዳሩን የማፍረስ መብት አላት። በጥንታዊቷ የቀይረዋን ከተማም ሴቶች ይህን መሰል ሸርጥ በውላቸው ያስጽፉ ነበር። በሻፊዒይ መዝሃብ ይህ ሸርጥ ራሱ አይጸናም፤ ሆኖም ኒካሁ ከታሰረ በኋላ ባል ፍቺውን በሁለተኛ ጋብቻ ላይ አንጠልጥሎ ቃል የሚሰጥበት መንገድ አለ። በሐነፊይ ደግሞ የፍቺውን ሥልጣን ለሚስት ማስተላለፍ ይቻላል። ቃዲዎች ይህንን ለሚጋቡት በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስረዱ እንጠይቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሸርጦች ሁሉ ሊፈጸም ይበልጥ የሚገባው ትዳር የተመሠረተበት ሸርጥ መሆኑን አስተምረዋልና፣ ልጁን የሚድር አባት ይህን ለመጠየቅ ሊያፍር አይገባም።

ማንኛውም ኒካህ፣ የመጀመሪያውም ሆነ ሁለተኛው፣ በጽሑፍ ይስፈር፤ የመህሩ መጠን፣ የምስክሮቹ ስምና የባል የትዳር ሁኔታ ይጻፍበት። በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት የተሰጠው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት አንድ ወጥ የኒካህ ውል ቅጽ አዘጋጅቶ በየመስጊዱ እንዲያዳርስ እንጠይቃለን። መንግሥትም በሃይማኖት የታሰሩ ትዳሮችን ቁጥራቸው ምንም ይሁን ለቀለብ፣ ለውርስና ለልጆች መብት ሲባል እንዲመዘግብ፤ ምዝገባውንም የቅጣት ወጥመድ እንዳያደርገው እንጠይቃለን። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ባለትዳር ሴቶች አንዷ ያህል ጣውንት እንዳላት ያሳያል፤ ከእነርሱም ሙስሊም ያልሆኑ አሉ፤ በጋምቤላና በደቡብ የአገሪቱ ክፍሎችም ልማዱ ሥር የሰደደ ነው። የማትመዘገብ ሚስት ጉዳይ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ እህቶቻችን፦ የምትልኩት ገንዘብ ለምን እንደተላከ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይቀመጥ፤ ቤትና ቦታ በራሳችሁ ስም ይመዝገብ። ይህ ባልን አለማመን አይደለም፤ ቁርአን ብድርን እንኳ እንድንጽፍ አዟል።

ለኢማሞችና ለኒካህ አሳሪዎች የመጨረሻው ጥሪያችን ይህ ነው። ባለትዳር ወንድ ለሁለተኛ ኒካህ ወደ እናንተ ሲመጣ የመጀመሪያዋን ሚስቱን ቤት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት። ይዞ ካልመጣ ኒካሁን አትሰሩ።